ስለ መነጽር የተደረገ ንግግር



ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን አንዱን ጓደኛችንን፥ በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈውን ስለማያነብ፥ ሰነፍ እንለው ነበር፡፡ እርሱ ግን የተሳነው ሩቅ ማየት ነበር እንጂ ትምህርት አልነበረም፡፡ መነጽር ካደረገ ወዲህ ብዙዎቻችንን በልጧል፡፡

መነጽር የተገኘው በኢጣልያ አገር በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፡፡ በ1306 እ.ኤ.አ. የፒሳው መነኩሴ ጆርዳኖ በፍሎሬንስ ሲሰብክ፥ ጥበቡ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል፡፡ ያ መነጽር መካከሉ ወፍራም ስለ ነበረ፥ በዕድሜ ምክንያት ቅርቡን ማየት ለተሳናቸው ጠቀመ፡፡ ከዚህም የተነሣ ጸሐፊውና አንጥረኛው በሸመገሉ ጊዜ እንኳ ከሥራቸው አልተለዩም፡፡ እንደ ጓደኛችን ሩቁን ለማያዩት የሚሆነው፥ መካከሉ የሳሳው መስታወት፥ የታወቀው ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ነው፡፡

ዛሬም ባለ መነጽሩን «አራት ዓይን» እያልን እንስቅበታለን፡፡ በአገራችን ግን «አራት ዓይና» ማለት አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤ የፈጸመ ሊቅ የሚጠራበት የክብር ስም ነው፡፡

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ልጁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩለት፡፡ እኛም ጓደኛችንን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን፡፡