አሮጊቷን እንለውጣት ወይስ እናሳድሳት?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመኪና ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር፤ አርባ ምንጭ፣ 2017 ዓ.ም.)



ባለፈው ስብሰባ ሦስታችንን መርጣችሁ «ይቺ መኪና ትለወጥ ወይስ ትታደስ? አጥንታችሁ ንገሩን» ብላችሁን ነበር። ስትመርጡን ከመካከላችን አንዳችንም መንጃ ፈቃድ እንደሌለን ታውቃላችሁ። አንዷ ጥጥ ፈታይ፣ አንዷ የቆጮና የቡላ ነጋዴ፣ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነን። ጋራዥ ስንገባ መካኒኩ እኛን ትቶ ለሾፌራችን ነበር የሚያስረዳው። ሾፌራችን ደግሞ «ለእነሱ ንገራቸው፣ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው» እያለ ወደ እኛ ይመልሰዋል። እንዲህ እያልን አራት ወር ተምረናል። የተማርነውን ነው ዛሬ የምንነግራችሁ፤ ቃሉ የጋራዥ ቃል ቢሆንባችሁ አትፍረዱብን።

ለአዲስ አባላት ለማስታወስ ያህል፣ አሮጊቷ የምንላት ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ናት። አንድ የረድኤት ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲጨርስ በ2006 ዓ.ም. ሰጠን። ያን ጊዜም አዲስ አልነበረችም፤ ዛሬ ቆጣሪዋ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ጨንቻ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ካምባ ያልረገጠችው ቀበሌ የለም። ጥጥ ጭናለች፣ የፖም ችግኝ ጭናለች፣ ሬሳም ሙሽራም ጭናለች።

ይህ ጥያቄ የተነሳው ባለፈው ነሐሴ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም እንግዶቻችን ይስሙልን። ከቦንኬ ደጋ አንዲት አባላችን ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏት ነበር። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ እስከ መንገዱ አወረዷት፣ መኪናችንም ተቀበለቻት። ዳገቱ መሐል የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ሾፌራችን ሞተሩን አጠፋ፤ ባያጠፋ ኖሮ ቴስታታው ይቃጠልና እዚያው እንቀር ነበር። ዝናብ እየዘነበ፣ ሴቶቹ በጀሪካን ከወንዝ ውሃ እያመላለሱ፣ ሁለት ሰዓት ቆሙ። እህታችን ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ ልጁም ዛሬ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ። ነገር ግን በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ሊሆን ይችል እንደነበረ እኛም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ «ትንሽ እንታገሳት» የሚባል መልስ ከመጀመሪያውም አልነበረንም።

ሥራውን ስንጀምር ሦስታችንም ልባችን ለመለወጥ አድልቶ ነበር። ይህን አንደብቃችሁም። አንድ የመኪና ነጋዴ ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አሳየን። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ማቀዝቀዣ አለው፤ ወንበሩ ወገብ አያምም። «አሮጊቷን ስጡኝና 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ጨምሩ» አለን። የመጠባበቂያ ሒሳባችንን ብናሟጥጥ፣ ከአጋሮቻችን ትንሽ ብንለምን፣ ይሞላ ነበር። አንደኛችንማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከነመነጽሯ ፎቶ ተነሥታለች። ስሟን አንናገርም።

ያቆመን ሊብሬው ነው። መኪናችን ለሰጪው ድርጅት ከቀረጥ ነፃ ነበር የገባችው፤ ለእኛ ስትተላለፍም ቀረጡ አልተከፈለም። እንዲህ ያለ መኪና ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል፣ ጉምሩክም ሳያውቅ፣ መብቱ ለሌለው ሰው ሊዛወር አይችልም። ይህን ለነጋዴው ስንነግረው አልደነገጠም። «በውክልና እንጨርሰዋለን፤ ስሙ ቀስ ብሎ ይዞራል» አለን። አንዲት የሕግ ባለሙያ ጠየቅን። ልጃችን ብትሆን ዕድሜዋ ይበቃል፣ ግን እንደ እናት ነው የተቆጣችን። መኪናዋ በእኛ ስም እያለች በሌላ ሰው እጅ ሰው ብትገጭ፣ ኮንትሮባንድ ብትጭን፣ መጀመሪያ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። የቀረጡም ዕዳ በእኛው ላይ ይቀራል። ያን ቀን ልንፈርም ቀጠሮ ይዘን እንደነበር ስናስበው እስከ አሁን ይቀፈናል።

ቀረጡን ከፍለን በሕጋዊ መንገድ ብንለውጥስ? ይህንንም አሰላን። የምትሸጥበት ዋጋ ላይ ቀረጡ ሲቀነስ ከነጋዴው ጋር የሚኖረን ልዩነት በጣም ይሰፋል። በዚያ ላይ መኪና ዛሬ እንደ ድሮ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዕቃው ሁሉ ዋጋ አብሮ ወጣ። አገር ውስጥ ያለ ሁሉ ያለውን መኪና አጥብቆ ይዟል፤ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ምክንያት ያለው ነው። «የኤሌክትሪክ ብንገዛስ?» ያላችሁን አልረሳንም። ለከተማ መልካም ነው። ካምባ ጫፍ ላይ ግን መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ሲቆይ መኪናዋን ማን ይሞላታል?

አሁን ወደ መኪናዋ ሆድ እንግባ፤ እኛ እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማርነው።

ነጩ ፒክአፕ ሞተሩ ዘመናዊ ነው። ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ነው የሚረጨው፤ የሚያዘውም ኮምፒውተር ነው። ጉልበቱ ያስቀናል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ነገር ግን ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ማደያ በሌለበት ከበርሜል በጀሪካን እየተቀዳ ነው የምንሞላው፤ ውሃም አፈርም ይገባበታል። እንዲህ ያለ ናፍጣ የዚያን ዓይነት ሞተር ኢንጀክተሮች ይጨርሳል፤ ዋጋቸውም የዋዛ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲያኮርፍ ደግሞ ብልሽቱን የሚያነብ መሣሪያ ያለበት ድረስ ተጭኖ መሄድ ነው።

የአሮጊቷ ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ፓምፕ በማርሽና በቺንጋ ኃይል እንጂ በኮምፒውተር አይታዘዝም። ቆሻሻ ናፍጣ እሷንም ይጎዳታል፤ ግን ትታገሳለች፣ ስትታመምም በመፍቻ የሚያክማት ሰው በየወረዳው አለ።

«ሞተሯ ሞቷል፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች» የሚለው ወሬ ግን ያሳስበን ነበር። ሁለት ጋራዥ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ ብለውናል። ሦስተኛው መካኒክ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ አንድ ነገር ጠየቁን፦ «የምትጨሰው የት ነው?» እኛም ጨንቻ ላይ አልን። ሳቁ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ይህን ያህል ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ፣ ፓምፑ ግን ያንኑ ናፍጣ ሲረጭ፣ ያልተቃጠለው በጭስ ይወጣል። እኛም ዳገት ስንወጣ ያለከልከን የለ? ሰውዬው በየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ለኩ። ስድስቱም ተቀራራቢና ደኅና ነበሩ። ስለዚህ ያ ጭስ በራሱ የሞት ምልክት አልነበረም። ሁለቱን ጋራዦች ሰምተን ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ሞተር አስወርደን ነበር።

የቦንኬው ሙቀት ከየት መጣ ታዲያ? ራዲያተሩ በዝገትና በጭቃ ግማሹ ተደፍኗል፤ የውሃ ፓምፑም ያንጠባጥባል። ዘይቱ ውስጥ ውሃ አልገባም፣ ቴስታታውም አልተጣመመም። ለዚህ ሾፌራችንን እናመስግን፤ ጌጁን አይቶ ያቆመ እሱ ነው። የታይሚንግ ቺንጋዋ ግን አስደንግጦናል። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው። መዝገባችንን ብናገላብጥ መቼ እንደተቀየረ የሚል ወረቀት አጣን። ቢበጠስ ጤነኛ ያልነው ሞተር በቅጽበት ይሰበር ነበር። ይህ የጋራዥ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የመዝገብ አያያዝ ጥፋት ነው። ለአጋሮቻችንም እንዲህ ብለን ብንናገር ይሻላል።

ሽበታሙ መካኒክ ከሁሉ አስቀድመው ያዩት ሻንሲውን ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ ሻንሲው ከበሰበሰ ወይም ከተጣመመ ግን ገንዘብ መጨመር ጭቃ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው አሉን። ጭቃውን አሳጥበው ከሥሯ ገብተው በመዶሻ እያንኳኩ አዳመጡት። የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ በብየዳ የሚመለስ ነው። ምክንያቱም እኛው ነን፤ ለሰው የተሠራችውን መኪና የቡላና የጥጥ አይሱዙ አድርገናት ነበር።

ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጡልን። «ቱርቦ ይገጠምላት፣ ከፍ ትበል፣ ሰፋፊ ጎማ ይደረግላት» አሉ። ታምራለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም፤ ባልታሰበለት ግፊት ሲሠራ ይግላል፤ እኛ ደግሞ የሸሸነው ሙቀትን ነው። ከፍ ያለች መኪና ክብደቷም አብሮ ከፍ ይላል፤ በጎን ያዘነበለ ተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ትልልቅ ጎማም ለጎዳና ትርኢት ካልሆነ ሞተሩን ያከብደዋል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል፣ ፍሬኑንም ያደክመዋል። በፋብሪካው ልክ የሆነ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ይበቃናል።

አንድ ሌላ ነገር ሠራን፤ ሳንጠየቅ ነው። የአንድ ዓመት የጉዞ መዝገብ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ከጉዞዎቿ ግማሽ የሚበልጠው እዚሁ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሲቀላ ሴቻ፣ ለስብሰባና ለባንክ ነው። እንግዳ መቀበልም አለበት፤ ምሳ መውሰድም አለበት። ፊት ለፊት እንነጋገር፦ እኛ የሥራ አመራር አባላት በባጃጅ መሄድ ስለከበደን ነው። ሌላው ደግሞ ፖምና ጥጥ ማውረድ ነው፤ ይህን የኪራይ አይሱዙ በአንድ ጊዜ በርካሽ ይሠራዋል። ፎር ዊል የግድ የሚሆነው በቀረው ጉዞ ብቻ ነው፤ ክረምት፣ ደጋ ቀበሌ፣ የታመመ ሰው። «መኪናዋን ሸጣችሁ ለብድር አከፋፍሉን» ያላችሁ እህቶች ሐሳባችሁን አልናቅነውም። ነገር ግን በቦንኬና በካምባ ያሉ አባሎቻችን ሲቆጥቡ የኖሩት፣ በክረምትም ማኅበሩ እንደሚደርስላቸው ቃል ገብተንላቸው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው እንዲህ ነው። መኪናዋ በዚህ ዓመት አትለወጥም፣ ትታደሳለች። መጀመሪያ ፍሬን፣ ራዲያተርና የውሃ ፓምፕ፤ ከዚያ የታይሚንግ ቺንጋ፤ ከዚያ የሻንሲው ብየዳና ባሌስትራው፤ በመጨረሻ አምስት ጎማ። ሽበታሙ መካኒክ ከነእጅ ዋጋው የሰጡን ግምት 690 ሺህ ብር ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ያም ሆኖ ነጋዴው ጨምሩ ካለን ከሦስት እጅ አንድ እጅ አይሞላም። አሮጌ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለስልናል፤ ስትፈታና ስትገጠም ከሦስታችን አንዳችን እዚያው እንቀመጣለን። ቀለም፣ ቱርቦና ጌጣጌጥ የለም። ከተማ ውስጥ በእሷ መሄድ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቀራል፤ እኛም ባጃጅ እንሳፈራለን። ከሾፌሩ ጋር የሚቀመጥ የጥገና ደብተር ይኖራል፤ ዘይት ሲቀየር፣ ፊልትሮ ሲቀየር፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል።

አንዳንዶቻችሁ «እስከ መቼ?» ትላላችሁ። ሻንሲው ላይ ሁለተኛ ስንጥቅ የወጣ ዕለት፣ ወይም በሁለት ተከታታይ ዓመታት የጥገናው ወጪ ከተያዘላት በጀት እጥፍ የሆነ ዕለት፣ እኛው ራሳችን ትሸጥ ብለን እንመጣለን። ለዚያ ቀን እንዲሆነን አሁኑኑ ሁለት ነገር እንጀምር። አንደኛው ከየወሩ ገቢ ጥቂት ለመኪና መተኪያ ማስቀመጥ ነው፤ መጠኑን ጉባኤው ይወስን። ሁለተኛው የሊብሬው ጉዳይ ነው። የተከበራችሁ አጋሮቻችን፣ ከእናንተ ዛሬ አዲስ መኪና አንጠይቅም። የምንጠይቀው መኪናዋን ስትሰጡን የተጻፉትን ደብዳቤዎች ፈልጋችሁ፣ ከጉምሩክ ጋር በምናደርገው ንግግር ከጎናችን እንድትቆሙ ነው። ለፎቶ የማይመች ልመና ነው፤ ይገባናል።

የቦንኬ አባላችን ሐሳቧን ስንጠይቃት አጭር ነገር ነው ያለችን፦ «አዲስም ትሁን አሮጌ፣ ዳገቱ ላይ አትቁም።»

የሦስቱ ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ፣ የጉዞው ቆጠራና የኮምፕሬሽኑ ልኬት ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንበብ ለማትችሉ እህቶች እናነብላችኋለን። መኪናዋም ውጭ ጥላው ሥር ቆማለች። ስንጥቁን በዓይኔ ካላየሁ ድምፅ አልሰጥም የምትሉ ካላችሁ፣ ከሥሯ የሚነጠፍ ሰሌን አዘጋጅተናል፤ ሾፌራችንም ባትሪ ይዞ እየጠበቃችሁ ነው። ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።