ልጆቹ ያሉበት እንሂድ

ቅዳሜ መገኘት ላልቻላችሁ፣ የተናገርኩትን እንዳለ ለጥፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚክ ስል ቀልድ ማለቴ አይደለም፤ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ ማለቴ ነው። "የፈረንጅ ነገር ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘውን የሸራ ሥዕል አስታውሱ። በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ያለው፣ በየሥዕሉ አጭር ጽሑፍ የሰፈረበት። ይሄ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እና አንባቢው የት ሄደ? የአሜሪካኖቹን እንይ። ድሮ ኮሚክ በ10 ሳንቲም ጋዜጣ የሚሸጥበት ቦታ፣ መድኃኒት ቤት ሳይቀር ይገኝ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሽያጩ ቀስ በቀስ ወደ ልዩ የኮሚክ ሱቆች ዞረ። ለአሳታሚው ተመቸው፣ ያልተሸጠ አይመለስበትም። ግን ሱቁን ፈልጎ የሚሄደው ድሮም አንባቢ የነበረው ነው። እሱ አረጀ፣ ዋጋው ተወደደ፣ አዲስ ልጅ የሚገባበት በር ጠበበ። ልጆቹን በብዛት የመለሰው ልዕለ ኃያል አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው። ስኮላስቲክ በ2005 "ግራፊክስ" የሚል ክፍል ከፍቶ የሥዕል ታሪኮችን በየትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ ባዛር ይዞ ገባ። በ2010 የወጣው የሬይና ቴልጌማየር "ስማይል" የፊት ጥርሷ ስለወጣባት ተማሪ ነው፤ በቃ። በሚሊዮን ተሸጠ። ልጅ ራሱን ሲያይ ያነባል።

ጃፓኖች ደግሞ "ሾነን ጃምፕ"ን በርካሽ ወረቀት፣ በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ እያተሙ፣ አንባቢው በፖስታ ካርድ የወደደውን እንዲመርጥ አደረጉ። ያልተወደደ ታሪክ ይቋረጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳምንት ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ አሳትመዋል። የኛ ሰፈር ልጆች ስሙን ጠንቅቀው የሚያውቁት ናሩቶ ከዚያ ነው የመጣው።

እኛስ? በ2018 "ጀምበር" በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጣ። ጀግናው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው (እኔን ማለታቸው ይሆን?)። ቀጥሎ "ሃዊ" መጣች። ሥራው አለ እኮ! የጎደለው ልጁ እጅ መድረሱ ነው። ባለ ቀለም፣ በጥሩ ወረቀት ታትሞ መጽሐፍ መደብር ከተቀመጠ የአንድ ተማሪ የሳምንት የኪስ ገንዘብ አይችለውም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ በየሳምንቱ 4 ገጽ በጥቁርና ነጭ በቴሌግራም በነፃ እንልቀቅ። ኮሪያዎቹ እኮ ኮሚክን በስልክ ከላይ ወደ ታች እየተገፋ እንዲነበብ አድርገው ነው የሠሩት። ስልክ ለሌለው ፎቶ ኮፒ አድርገን ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ እንስጥ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የለመደ ሕዝብ ኮሚክ ቢከራይ ምን ይገርማል? የትኛው ታሪክ ይቀጥል የሚለውን ደግሞ ልጆቹ በድምፅ ይወስኑ፣ እኛ አንምረጥላቸው። ስብከት ከበዛበት ደግሞ ገና በሁለተኛው ገጽ ይዘጉታል፤ ይሄን በተለይ ለራሳችን ሰዎች ነው የምለው።

እኔ ስለ አንድ ሊስትሮ ልጅ የ8 ገጽ ታሪክ ጽፌ ጨርሻለሁ። መሳል ግን አልችልም። ሥነ ጥበብ ተምራችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለጊዜው ክፍያ የለም፣ አልዋሽም። ስማችሁ ግን ሽፋኑ ላይ ከኔ በላይ ይሆናል።