የላቦራቶሪ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከነቀምቴ የሚነሡት መኪናዎች የሚጠቀሙበት ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በአሰብ እ.ኤ.አ. በ1967 ተከፍቶ የነበረው ማጣሪያ በ1997 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ «የማጣሪያ ዕውቀት ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ማጣሪያ ከማቆም አስቀድሞ ቁጥር ማንበብ መማር ይገባናል እላለሁ።

ድፍድፍ ዘይት ሲጣራ ከባዱ ክፍል ይቀራል። ይህን ሰባብሮ ቤንዚን ለማድረግ ካታሊስት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ራሱ ሳያልቅ የሌላውን ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ዩጂን ሁድሪ የደከመበት ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በትልቅ ፋብሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ካታሊስቱ ከመገዛቱ በፊት ጥቂት ግራም ተወስዶ በላቦራቶሪ ይፈተናል። ውጤቱን የሚያነብ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፤ ካታሊስቱ ለፈተና ተዘጋጅቷልን? እናቶቻችን እንደሚያውቁት የአዲስ ምጣድ ጠባይ ሳይሟሽ አይታወቅም። አዲስ ካታሊስትም በሥራ ላይ ከዋለው ይልቅ እጅግ ብርቱ ስለሆነ፣ አስቀድሞ በጋለ እንፋሎት ካልደከመ ቁጥሩ ያታልላል።

ሁለተኛ፤ ሚዛኑ ሞልቷልን? የገባውን ዘይት 100 ብንለው ጋዙ፣ ቤንዚኑ፣ የቀረው ከባድ ዘይትና ኮክ የሚባለው ጥቀርሻ ተደምረው ወደ 100 መቅረብ አለባቸው። ድምሩ 90 ቢሆን ግን የጎደለው ሳይታወቅ መፍረድ አይገባም።

ሦስተኛ፤ ንጽጽሩ ትክክል ነውን? በወለጋ ቡና የሸጠ ሁሉ እርጥቡና ደረቁ በአንድ ዋጋ እንደማይመዘኑ ያውቃል። ሁለት ካታሊስቶች በአንድ ዓይነት ዘይትና በአንድ ሙቀት ተፈተኑ እንበል። የመጀመሪያው ከመቶ 70 ለውጦ 3.5 ጥቀርሻ አወጣ፤ ሁለተኛው 75 ለውጦ 6 አወጣ። የሚቸኩል ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ነገር ግን የተለወጠውን ላልተለወጠው ብናካፍል 70 ለ30 2.33፣ 75 ለ25 3 ይሆናል። ይህንንም ለጥቀርሻው ብናካፍል የመጀመሪያው 0.67፣ ሁለተኛው 0.5 ያገኛል። እንግዲህ ላወጣው ጥቀርሻ ብዙ ሥራ የሠራው የመጀመሪያው ነው። ጥቀርሻው በፋብሪካ ሲቃጠል የሚያስፈልገውን ሙቀት ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፣ ካታሊስቱም ይጎዳል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ቁጥር ማንበብ የማይችል ገዢ የሻጩን ቃል ይገዛል። ነገ ስለ ማጣሪያም ሆነ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ መድኃኒት የሚፈርዱት ዛሬ በዚህ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸውና፣ «ስንት ሆነ?» ከማለት አስቀድመን «እንዴት ተለካ?» ማለትን እንልመድ።