እርጅናን ስለ መመርመር
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እኛ ሁለት የእድሩ ልጆች በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት በአንድ ቤተ ሙከራ የሥራ ልምምድ አድርገናል። የተሰጠን ሥራ ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል፣ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ትል መከታተል ነበር። ዕድሜዋ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሆነ ልደቷንም እርጅናዋንም በአንድ ወር ውስጥ ለማየት ይቻላል። በየማለዳው በማጉያ መነጽር እያየን ነካ እናደርጋታለን፤ ካልተንቀሳቀሰች ሞታለች ብለን እንመዘግባለን።

ሥራው አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ጂን ብቻ የተለወጠባቸው ትሎች እጥፍ ዕድሜ መኖራቸውን እንዳሳዩ ስንማር ነገሩ ልባችንን ያዘው። ለካ እርጅና እንደ ልብስ ማለቅ ብቻ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ የሚቆጣጠረው አለ! እርግጥ ነው፣ ሰው ትል አይደለም፤ በትል የታየው ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት አይቻልም።

አንዳንድ አባቶች «ሞት እንደሁ አይቀር፣ ታዲያ ይህ ምን ይጠቅማል?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመርሳት በሽታ፣ የልብ ሕመምና ካንሰር ከዕድሜ ጋር ይበዛሉ። ሥራቸው ቢታወቅ ሰው በስተርጅናው በገዛ እግሩ ሊቆም ይችላል። ዓላማው ይኸው ነው።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እድራችን ላለፈው ድንኳን ይተክላል፤ ያለውንም ይጠይቅ እንላለን። ወጣቶቹ ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን በየሳምንቱ ተራ ገብተን እንድንጠይቅ ይፈቀድልን። ትል በየቀኑ ከተጠየቀች ለወላጅ በሳምንት አንድ ቀን አይበዛበትም።