ስለ እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሥራ የተደረገ ንግግር



በ1986 ዓመተ ምሕረት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ቋንቋው ያልገባው ተማሪ ሒሳቡም የተፈጥሮ ሳይንሱም አብረው ያመልጡታል። ነገር ግን በብዙ ስፍራ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ተማሪውም ይገለብጣል፤ አፉ ግን አይፈታም።

የአማርኛ ግስ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ የእንግሊዝኛው ግን ባለቤቱን ተከትሎ በመካከል ይገባል። «ልጁ ዳቦ በላ» የሚለው እንደ «ልጁ በላ ዳቦ» ሆኖ ይነገራል ማለት ነው። ይህን ሕግ በቃል ከማስጠናት ይልቅ፣ ሦስቱን ቃል በሦስት ወረቀት ጽፎ ለሦስት ልጆች ማስያዝና በክፍሉ ፊት ቦታ እንዲለዋወጡ ማድረግ ይሻላል። ልጆቹ ይስቁ ይሆናል፤ ሳቁም አይከፋም።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ መንገድ ኦሎምፒያ በሚባለው ሰፈር፣ ብዙው የሱቅና የሆቴል ማስታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይታያል። በዚያ ያለ መምህር፣ ተማሪው በመንገዱ አምስት ቃል ቀድቶ እንዲመጣ ቢያዝ፣ መጽሐፍ ባይዳረስ እንኳ የሚነበብ አይታጣም። በገጠር ደግሞ የመድኃኒት ካርቶን ይህን ያገለግላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የበረታው ለታናሹ እንደሚያስቀጽል፣ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አንዱ እንዲጠይቅ፣ ሌላው እንዲመልስ ማድረግ ይገባል። ጫጫታውን ከደጅ የሰማ ሽማግሌም መምህሩን ሥራ ፈት አይበለው።