የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የትውልድ ሐረግ



ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል። ያንን ቅጂ የሚገለብጠው ተማሪው ግድፈቱን አብሮ ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ በየገዳሙ የተገኙትን ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚመረምር ሊቅ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚለየው በጋራ በያዟቸው ግድፈቶች ነው። ዛሬ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የትውልድ ታሪክ የምነግራችሁ ሁሉ የታወቀው በዚሁ ዓይነት ንባብ ነው።

የዚህ ቫይረስ የዘር ጽሑፍ አጭር ነው፤ 12,000 ገደማ ፊደላትና 5 ጂኖች ብቻ። የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። የእኛ ዲ ኤን ኤ ሲባዛ ስሕተት የሚያርም ኢንዛይም አለው። ቫይረሱ ግን አራሚ ስለሌለው በተባዛ ቁጥር ይሳሳታል። እንዲህ የሚሳሳት ፍጡር በየዓመቱ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል ብላችሁ ብታስቡ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን በአንድ የትውልድ መስመር ጸንተው የሚቀሩት ለውጦች ከ12,000ው ፊደል መካከል በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው።

ምክንያቱ የሚጓዝበት መንገድ ነው። በንክሻ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከጡንቻ ወደ ነርቭ ይሻገራል፣ በነርቭ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይወጣል፣ ከአንጎል ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢ ይወርዳል። የእንስሳውን ጠባይም ለውጦ እንዲናከስ ያደርገዋል። ከእነዚህ በሮች አንዱን መክፈት ያቃተው ቅጂ፣ ከያዘው እንስሳ ጋር አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ግድፈቱ ብዙ ሆኖ ሳለ ወደ ቀጣዩ ተነካሽ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ዕድላችን እቆጥረዋለሁ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1885 የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን መከተብ ሲጀምር ይዞት የተነሣው ሐሳብ፣ ከንክሻ በኋላ ቫይረሱን አንጎል ሳይደርስ መቅደም፣ እስከ ዛሬ ሕይወት ያድናል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ሲከለስ፣ የዚህኛው ግን እንዲያ አያስፈልገውም።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የልዩ ልዩ አገሮችን ቫይረሶች አነጻጽሮ፣ ዛሬ በውሾች መካከል የሚዛመቱት ሁሉ የጋራ አያታቸው ባለፉት 1,500 ዓመታት ውስጥ የነበረ መሆኑን አሰላ። በሌላ በኩል ደግሞ የዛሬዋ ኢራቅ በሆነችው ምድር፣ በኤሽኑና ከተማ፣ በሸክላ የተጻፈ፣ ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሕግ አለ። የውሻው ማበድ ተነግሮት ያላሰረ ባለቤት፣ ውሻው ሰው ነክሶ ቢገድል 40 ሰቅል ብር እንዲከፍል ያዝዛል። ሸክላው 4,000 ይላል፤ የዘር ጽሑፉ 1,500። የትኛውን እንመን?

ሁለቱንም ነው የማምነው። የዘር ንባብ ወደ ኋላ ቆጥሮ የሚያደርሰን ዘራቸው እስከ ዛሬ ወደ ቆየላቸው ቫይረሶች አያት ብቻ ነው። የተቃጠለ ገዳም መጻሕፍት በሊቁ ጠረጴዛ ላይ እንደማይገኙ ሁሉ፣ የኤሽኑናን ውሾች ያሳበዱት ቫይረሶች ተተኪ ሳይተዉ ጠፍተው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ብዙው ለውጥ እየተጣለ ስለሚሄድ የጥንቱ ዘመን በንባባችን ላይ አጥሮ ይታያል።

ከውሻ አልፈን ወደ ኋላ ስንሄድ የምናገኘው የሌሊት ወፍን ነው። ቫይረሱ የሚመደብበት፣ ሊሳቫይረስ የሚባለው ወገን፣ ስያሜውን ግሪኮች የእብደት ቁጣ አምላክ ካደረጓት ከሊሳ የወሰደው፣ ዛሬ ከ15 በላይ ዝርያዎች ተቆጥረውለታል። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የተገኙት በሌሊት ወፎች ነው። ውሻን የያዘው ዘር ከዚያ ወገን የወጣ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ያም ቅርንጫፍ በቅኝ ግዛት ዘመን ከአውሮፓውያን ውሾች ጋር መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን አዳርሷል። ከኢትዮጵያ ውሾች ተወስደው የተነበቡት ቫይረሶችም የሚመደቡት ከዚሁ ዓለም አቀፍ ሐረግ፣ አፍሪካ 1 ከሚባለው ዘር ነው።

ከአንድ እንስሳ ወደ ሌላው መዝለሉ ዛሬም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ ከተማ፣ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ስካንክ በሚባሉት ግማታም እንስሳት መካከል ሲዛመት ተይዟል። በናሚቢያ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አጋዘኖችን ፈጅቷል፤ አጋዘን ተናካሽ ባይሆንም፣ አንዱ የበላውን እሾሃማ ግራር ሌላው ሲበላ በምራቅ ይተላለፋል ተብሎ ይታመናል።

የባሌው ታሪክ ግን ከእነዚህ ይለያል፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ እርሱ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎቻችን፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች የሚኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ በ2003 እና በ2004፣ በ2008 እና በ2009 በዚህ በሽታ በተደጋጋሚ በብዛት ሞተዋል። ከሞቱት ቀበሮዎች የተወሰደው ቫይረስ ሲነበብ የውሻ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከእረኛው ጋር በግ የሚጠብቀው ውሻ ያመጣው ነበር። ስለዚህ ቀበሮውን መከተብ የግድ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት መጀመሩም ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ምንጩ የሚደርቀው ውሻው ሲከተብ ነው። ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዓለም በየዓመቱ በዚህ በሽታ ከሚሞተው 59,000 ያህል ሰው፣ ከ100 ዘጠና ዘጠኙ የሚነከሰው በውሻ ነው።

የቀረኝ የቫይረሱ ዘመዶች ነገር ነው። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1956 የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ፣ በ1968 ደግሞ የኢባዳን ሰፈር በሆነችው ሞኮላ ስም የተጠራው ቫይረስ ተገኙ። በ2009 በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ አንድ ጥርኝ፣ ይኸው ዝባዱን የምናውቀው ጥርኝ፣ ኢኮማ የተባለ ሌላ ዘመድ ይዞ ተገኘ። የእነዚህ ውጫዊ ፕሮቲን ከተለመደው ቫይረስ እጅግ ስለራቀ፣ በእጃችን ያለው ክትባት በሚገባ አይመክታቸውም። በዚምባብዌ የተከተቡ ድመቶች በሞኮላ ሞተዋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተሾመ መባጽዮን ከባልደረቦቹ ጋር ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 ናሙናዎችን መርምሮ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለቱ የተለመደው ቫይረስ ሳይሆኑ ቀሩ። ከአንድ ድመት የተገኘው ሞኮላ፣ ከአንድ ውሻ የተገኘው የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ነበር። እነዚያ ሁለት እንስሳት ተገድለው ጉድጓድ ቢጣሉ ኖሮ፣ ሁለቱ ቫይረሶች በምድራችን መኖራቸውን ያን ጊዜ ባላወቅን ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። የነከሰውን ውሻ ወይም ድመት አትግደሉት፤ በጥንቃቄ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በእነዚያ ቀናት ከሞተም አትቅበሩት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩና ጭንቅላቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።