የማርሳቢት አንድ ድምፅ

ከሞያሌ ባሻገር ያለው የኬንያ ምድር ማርሳቢት ካውንቲ ነው። ድርቅ ከብቱን ሲፈጅ፣ ወጣቱም ሥራ ሲያጣ፣ አቤቱታውን ናይሮቢ ከሚያደርሱት አንዱ የካውንቲው ሴናተር ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

በ1966 የፈረሰውን ሴኔት የ2010 ሕገ መንግሥት መለሰው። ከ67ቱ ሴናተሮች 47ቱን የየካውንቲው መራጮች በቀጥታ ይመርጣሉ። ካውንቲዎችን በሚመለከት ሕግ ላይ እያንዳንዱ ካውንቲ አንድ ድምፅ አለው፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ናይሮቢና 144 ሺህ ገደማ የተቆጠረባት ላሙ እኩል ናቸው። ይህ እኩልነት ቀላል ነገር አይደለም። በ2020 የቀረበ የገቢ ማከፋፈያ ቀመር ከሰሜኑ ደረቃማ ካውንቲዎች ገንዘብ ሊቀንስ ነበር። ሴናተሮቹ ስብሰባ እየበተኑ ለወራት ተሟገቱ፤ መስከረም ላይ ማንም ከነበረው እንዳይጎድልበት ተስማሙ።

ወጣቶችስ? በሴኔቱ ፓርቲዎች የሚሰይሟቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አሏቸው። እነርሱም በካውንቲ ጉዳይ ለብቻቸው ድምፅ አይሰጡም፤ የየካውንቲውን ሴናተሮች ያቀፈው የልዑካን ቡድን መሪ ነው የሚሰጠው። ለእኔ ይህ ወንበር እንጂ ሥልጣን አይመስለኝም። ሰኔ 2024 የፋይናንስ ሕግ ረቂቁን የተቃወሙ ወጣቶች ፓርላማው ድረስ የገቡት በአደባባይ ሰልፍ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሩቶም በማግስቱ አልፈርምም አሉ።